የጄኔራሉ ወጠጤዎች

ጄኔራሉ አንድም ቀን ወታደር ሆኖ አያውቅም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የመጋዘን ኃላፊ ነበር፤ ማዕረጉን ያገኘው ከጢሙ ነው። ጡረታ ወጥቶ ከሚስቱ ጋር ፍየል ማርባት ሲጀምር ግን ሠራዊት አገኘ። በየማለዳው የበረቱን አጥር ተደግፎ ወጠጤዎቹ ቀንድ ለቀንድ ሲጋጩ እያየ፣ "ወንድ ማለት እንዲህ ነው!" ይላል።

ችግሩ ሥጋው ነው። ደንበኛቸው የነበረው የሆቴል ሼፍ አንድ ቀን የተቀቀለ ጭን በድስት ይዞ መጣ።

"ጋሼ፣ ውሃው አለቀ እንጂ ሥጋው አልበሰለም። ሽታውማ አይነሳ! እንግዶቹ ምግቡን ትተው መስኮት ክፈቱልን አሉ።"

ሚስቱ በማግስቱ የእንስሳት ሐኪም አስጠራች። ሐኪሟ የፍየሎቹን ጀርባ በእጇ ዳበሰች፣ ገንዳውን አየች፣ ከዚያ ሳትሸፋፍን ተናገረች።

"የበሉትን በጠብ እየጨረሱት ነው። የሆድ ትል መድኃኒት ይሰጣቸው፤ በደረቁ ሣር ላይ አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክልና ፉርሽካ ይጨመር። ወደ ዕርድ ሲሄዱም ማባረርና መደብደብ ይቅር፤ የተረበሸ ፍየል ሥጋው ይጠነክራል። ከሁሉም በላይ ግን፣ ለዘር ከሚቀረው በስተቀር ወንዶቹ ገና በግልገልነታቸው ይኮላሹ፤ ጠቡም ሽታውም የሚመጣው ከዚያ ነው።"

ጄኔራሉ ሳያስበው እግሩን አጣመረ።

"ልጄ፣ እኔ ስለ ሥጋ ብጠይቅሽ አንቺ ስለ ክብር ታወሪኛለሽ። ፍየል ወዲያ፣ ቅዝምዝም ወዲህ!"

"ማደንዘዣ እወጋቸዋለሁ እኮ፣ ጋሼ።"

"እሱ ለነሱ ነው። ለኔስ?"

ሚስቱ ነገር ሲረዝም አትወድም። "እንግዲያው ግልገሎቹን እንካፈል" አለች። "ያንተ በዚያ፣ የኔ በዚህ። ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ እኔ በኔዎቹ ላይ አደርጋለሁ።"

ጄኔራሉ ሳቀ፤ የሚስቱንም ድርሻ ከዚያ ቀን ጀምሮ "ጡረተኞቹ" ብሎ ጠራቸው።

ወራት አለፉ። በጄኔራሉ በኩል አጥር ተሰበረ፣ ቀንድ ተሰበረ፣ ገንዳ ተገለበጠ። ወጠጤዎቹ ሲፋለሙ ውለው ሲመሽ ጎናቸው ተጣብቆ ይቆማሉ። ሽታቸው ኮቱ ላይ ስለተጋባ ሚስቱ ኮቱን ደጅ ሰቅሎ እንዲገባ ፈረደችበት። ጡረተኞቹ ግን በልተው ጥላ ሥር ተኝተው ያመሰኳሉ፤ ጀርባቸው ሰፍቶ ዕቃ ቢያስቀምጡበት የሚይዝ ይመስላል።

የቁርጡ ቀን ሼፉ ከየወገኑ አንድ ፍየል አሳርዶ፣ ሥጋውን አንድ ዓይነት ጨው፣ አንድ ዓይነት እሳት ሰጥቶ ጠበሰው። የቱ የማን እንደሆነ ሳይናገር ሆቴሉ ውስጥ ሁለት ሳህን አቀረበላቸው።

ጄኔራሉ ከመጀመሪያው ቆረሰ። አላመጠ፣ አላመጠ፣ በመጨረሻ በውሃ አወረደው። ከሁለተኛው ሲጎርስ ዓይኑ ተከደነ።

"ይኸውላችሁ! ቅቤ ነው እኮ! ጥርስ አያስቸግር፣ ሽታ የለው። የወንድ ሥጋ ማለት ይኼ ነው! ያንን የጡረተኛ ሥጋ ግን አንሱልኝ!"

ሼፉ ሚስቲቱን አየ። ሚስቲቱ ጣሪያውን አየች።

"ጋሼ" አለ ሼፉ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ያመሰገኑት የእትዬን ነው። እንዲነሳ ያዘዙት የርስዎን።"

ጄኔራሉ "ላረጋግጥ" ብሎ ከዚያው ከሁለተኛው አንድ ጎረሰ። ደግሞም ጎረሰ። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ድረስ አረጋገጠ።

ወደ ቤት ሲመለሱ መሬት መሬቱን እያየ ሄደ። ሚስቱ ለዚህ ቀን ስትስለው የከረመችው ቃል ነበራት፤ ጢሙ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ስታይ ግን አሳዘናትና ዋጠችው።

"ምነው ዝም አልሽ?" አላት በር ላይ ሲደርሱ። "ሳቂና ይውጣልሽ።"

"ከሳቅኩ አላቆምም ብዬ ነው።"

እሱ ራሱ ቀድሞ ሳቀ።

ሐኪሟ ለአዲሶቹ ግልገሎች ስትመጣ አንድ በአንድ ጭኑ ላይ የያዛቸው ጄኔራሉ ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ "አይዞህ ወንድሜ" ይላል። ለዘር የሚቀረውን ሲመርጡ ባለ ትልቅ ቀንዱን ጠቆመ፤ ሚስቱና ሐኪሟ ግን ቶሎ ያደገውን፣ መንታ ከምትወልድ እናት የተገኘውን መረጡ። ተነፈሰና እሺ አለ።

ብዙም ሳይቆይ የፍየል አርቢዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ "ወጠጤን አኮላሽቶ ማደለብን በዚህ አካባቢ ያስጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ሰው አልሰማኝም እንጂ ድሮም እል ነበር" ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከሁሉ አስበልጣ ያጨበጨበችው ሚስቱ ናት።