ሰናይት እስክትመረቅ

አቶ አሊጋዝ ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጃቸው በደወለች ቁጥር ግን ስልኩን የሚያነሡት ራሳቸው ናቸው። ኮምቦልቻ ያለው ቤተሰብ ይህን እንደ ጉድ አላየውም። ሰናይት ፕራግ ሕክምና እየተማረች ነበር፤ እሳቸው ያረፉት በአናቶሚ ፈተናዋ ሰሞን ነው። ፈተና ላይ ላለ ልጅ መርዶ አይነገርም የሚለውን ደንብ ያወጡት ደግሞ ሃያ ዓመት የዕድር ዳኛ የነበሩት አቶ አሊጋዝ ራሳቸው ናቸው። በሰፈሩ መርዶ ያለ እሳቸው አይነገርም ነበር። ሰውየውን ያስቀምጡታል፣ ውሃ ያስመጡለታል፣ እንዳይወድቅ የእጁን አንጓ ይይዙታል፤ ከዚያ ነው የሚናገሩት።

ወንድሟ ይመር ከቀብር መልስ ስልካቸውን ቻርጅ አድርጎ አልጋቸው ራስጌ አኖረው። በሦስተኛው ቀን ጠራ፤ ራሳቸው አነሡት።

«እንዴት ነሽ ሰንዬ? በላሽ?»

«በላሁ አባባ። ድምፅህ ምነው?»

«ጉንፋን ነገር ነው።»

አናቶሚው ሲያልቅ ሌላ ፈተና መጣ፤ እሱ ሲያልቅ ሌላ። የሕክምና ፈተና ማለቂያ የለውም። በመጨረሻ ቤተሰቡ ተሰብስቦ «እንግዲህ እስክትመረቅ» አለ።

ባሏ ቶማሽ ያውቃል። ቼክ ነው፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ማሽን ሊተክል መጥቶ ነው ያገኛት። ይመር ነግሮት እንዳይተነፍስ አስማለው። ቶማሽም የማለውን ጠበቀ፤ ሚስቱ ከአባቷ ጋር በቪዲዮ ስታወራ በጀርባዋ ብቅ ብሎ እጁን ያውለበልብላቸዋል፣ እሳቸውም ያውለበልቡለታል።

በሦስተኛ ዓመቷ ሰናይት የደረት ምርመራ ተማረች። በዚያው ሳምንት እሑድ አባቷን በቪዲዮ ሃያ ደቂቃ ትኩር ብላ አየቻቸው። ደረታቸው አንዴም ከፍ ዝቅ አላለም። ጎረቤት ስለገዛት ላም እያወሩላት ነበር። ስንት ሊትር እንደምትታለብ ጠየቀቻቸው፤ ስልኩን ዘግታ መታጠቢያ ቤት ገባችና ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች። ለማንም አልተናገረችም። ከተናገረች መርዶውን ተረዳች ማለት ነው፤ ከተረዳች ደግሞ ስልኩን የሚያነሣ የለም። አገር ቤት መሄዱንም ተወችው፤ ገና በር ላይ ሳለች ይረዷታል።

የመጨረሻው ፈተና ሲደርስ አመመኝ ብላ ቀረች። በሁለተኛው ዙርም ቀረች። በሦስተኛውም። በተማሪ ቪዛ የገቡት የክፍል ጓደኞቿ እንዲህ ቢያደርጉ ሻንጣቸውን ይሸክፉ ነበር። እሷ ግን የዜጋ ሚስት ናት፤ የመኖሪያ ፈቃዷ የታሰረው በጋብቻዋ እንጂ በፈተናዋ አይደለም። ቶማሽን እስካልፈታች ድረስ ከአገር ውጪ የሚላት የለም፤ ልትፈታውም አላሰበችም፣ ትወደዋለች። አባቷን ዕድሜ ልኳን ማቆየት ትችል ነበር።

«ሰንዬ፣ አትጨርሺም እንዴ?» አሏት አንድ እሑድ።

«ከባድ ነው አባባ።»

«ትምህርት ከብዶሽ አያውቅም። እኔም ደከመኝ ልጄ። እናትሽ እዚያ ብቻዋን ናት።»

እናቷ የሞተችው ሰናይት ገና ሳታገባ ነው።

«አንዴ እንኳ ሳላይህ?»

«እሱን ለእኔ ተዪው።»

በሰኔ ተፈተነች። ፈታኙ ከሌላው ጥያቄ ሁሉ ጋር አንድ ሰው መሞቱን በምን እንደምታረጋግጥ ጠየቃት። «የእጁን አንጓ ይዤ ትርታውን አንድ ደቂቃ ሙሉ እጠብቃለሁ» አለች። ከዚያ የሚከተለውንም ሁሉ ዘረዘረች፤ አለፈች። ወዲያው አባቷ ጋ ደወለች። ስልኩ አልተነሣም።

በማግሥቱ ሊነጋጋ ሲል ፕራግ ያለው የአራተኛ ፎቅ ቤታቸው በር ተንኳኳ። ቶማሽ ከፈተ። ሦስት የዕድር ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል፤ ጫማቸው የኮምቦልቻ ጭቃ ይዟል። ከኋላቸው አቶ አሊጋዝ ነበሩ። ቶማሽ ቆጠራቸውና አራት ወንበር አወጣ፤ ለሚስቱ አምስተኛ ጨመረ።

«ተቀመጪ ልጄ» አሉ አባቷ። «ውሃ አምጣላት።»

ቶማሽ ውሃ አመጣ። አቶ አሊጋዝ የልጃቸውን የእጅ አንጓ ያዙ። ጣቶቻቸው ብርድ ውስጥ እንደዋለ ሰው ቀዝቅዘዋል። ሰናይት እጇን ገልበጥ አድርጋ የእሳቸውን አንጓ ያዘች፤ ሁለት ጣቷን በቦታው አሳርፋ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ደቂቃው ያለ ትርታ ሞላ።

«ልድገመው፣ አባባ» አለች።

አቶ አሊጋዝ ሊናገሩ የከፈቱትን አፍ መልሰው ገጠሙ። ሽማግሌዎቹም ወደ ሰዓቱ ዞሩ።