የአክስት ላም

አምባሳደር ኛዴንግ ከጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ኒውላንድ ሰፈር እስክትደርስ መኪናው ውስጥ እንቅልፍ ጣላት። ድካሟ የመንገድ ብቻ አይደለም። ዕድሜዋን ሙሉ በየአገሩ አዳራሽ ሴት ልጅ ያለዕድሜዋ አትዳር ስትል ኖራለች፤ ተጨብጭቦላታል፣ ፎቶ ተነስታለች፣ ጡረታም ወጥታለች። እንግዲህ አርፋለሁ ስትል የወንድሟ ልጅ ኤልሳ ደወለች። "አክስቴ፣ ከአሥራ አንደኛ ክፍል አስወጥተው ሊድሩኝ ነው፤ ድረሺልኝ!"

ታላቅ ወንድሟ፣ የኤልሳ አባት ጋትደት፣ ከቤተሰቡ ሽማግሌዎች ጋር ግቢው ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ጠበቃት። ኤልሳ ውሃ አቀረበችላት። ኛዴንግ ጠጥታ የለመደችውን ንግግር ጀመረች፤ ሕጉን አነሳች፣ ትምህርቱን አነሳች፣ በወሊድ የሚሞቱትን ልጆች አነሳች። ሽማግሌዎቹ በአክብሮት ሰሟት። ይህን አክብሮት በደንብ ታውቀዋለች፤ አንድም ነገር ላለመለወጥ የሚሰጥ አክብሮት ነው። የገዛ ቃሏ እንኳ ሰለቻት።

በዚህ ጊዜ ለመጨረሻ ያቆየችውን አወጣች። በኑዌር ወግ ከጥሎሹ ከብት የሙሽራዋ አባት እህት የአንዲት ላም ድርሻ አላት። እሷ ቅር ብሏት ላሟን ካልተቀበለች እነዚህ ሽማግሌዎች ደፍረው ልጅቷን አይሸኙም።

"ላሜን አልቀበልም" አለች።

ጋትደት ሳቀ። ሳቁ ክፋት የለበትም፤ እህቱን ይወዳታል፣ ይኮራባታልም።

"ተቀብለሻል እኮ፣ እህቴ! ጡረታ በምትወጪበት ሰሞን ደውዬ፣ 'ኤልሳ ልትዳር ነው፣ ድርሻሽን እንደ እህቶቿ ጊዜ ልረከብልሽ?' ስልሽ፣ 'ስብሰባ ላይ ነኝ፣ እንደ ፈለግህ አድርግ' አላልሽም?"

ብላለች። አንድ ጆሮዋን ለስብሰባው ሰጥታ፣ ምን እንደተባለች እንኳ ሳትሰማ ብላለች። ይበልጥ ያቆሰላት ግን "እንደ እህቶቿ" የሚለው ነው። ለካ እነሱ ያለዕድሜያቸው ሲዳሩም እሷ ድርሻዋን ስትቀበል ኖራለች።

"ሌላ ላም ገዝቼ ልመልስ" አለች፤ ድምፅዋ ግን ዝሏል።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ራሱን ነቀነቀ። "ልጄ፣ ነገሩ የላም አይደለም። እሺ ብለሻል። እኛም እሺታሽን ለሙሽራው ቤት ነግረናል። አሁን ምን ብለን እንመለስ?"

ኛዴንግ ቀና ስትል ኤልሳ የቤቱ በር ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻል ነበር። መጥታ ባዶውን ብርጭቆ ከአክስቷ እጅ ተቀበለች።

"ሌላ የምጠራው ሰው የለኝም፣ አክስቴ" አለች ቀስ ብላ። "አሁን ማን ይምጣልኝ?"

በየመድረኩ ሲጨበጨብላት የኖረችው ሴት አፈረች፤ መሬት መሬቱን አየች።  ኤልሳ ብርጭቆውን ይዛ፣ ለሚመጡት የሙሽራው ሰዎች ቤቱን ልትጠርግ ገባች።