ሁለተኛው ብሎን

ጋራዡ በር ላይ የሚሠራው ጎማ ጠጋኝ ነገር ባያነሳ ኖሮ ሜትር ያን ከሰዓት በሰላም ባሳለፈ ነበር። መካኒኩን «ሜትር» ያሉት ሥራው ዝንፍ ስለማይል ነው፤ እሱም ሲጠሩት ደረቱ ትንሽ ነፋ ይላል። አብራው ጋራዥ የምትሠራው ልጁ ከአሥር ደቂቃ በፊት በገዛ መኪናዋ፣ የአራት ዓመት ልጇን ከኋላ አስቀምጣ፣ ወደ አማቶቿ ሄዳለች። ጠዋት የሞተሩን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጊያውን፣ የቀየረላት እሱ ነው።

ጎማ ጠጋኙ ሥራ ሲቀዘቅዝ ወሬ ማሞቅ ይወዳል። የልጅቷ መኪና ከሜትር አሮጌ መኪና በምን እንደሚበልጥ ጠየቀው። ሜትር ደግሞ ስለ ሞተር ከጠየቁት አያባራም። የእሱ መኪና በሞተሩ አናት፣ ቴስታታው ላይ፣ ያላት አንድ ዘንግ፣ አንድ ካምሻፍት ናት፤ አየር የሚያስገባውንም ጭስ የሚያስወጣውንም ቫልቭ እሷው ብቻዋን ትከፍታለች። የልጁ ሞተር ሁለት አለው፤ አንዱ ለማስገቢያው፣ ሌላው ለማስወጫው። ሲያስሮጡት የእሷ እንደሚበረታ አልካደም። ግን ዕቃው ሲበዛ ጣጣውም ይበዛል አለና የራሱን በጣቱ ቆጠረለት።

«አንድ ካምሻፍት፣ አንድ ጥርስ፣ አንድ ብሎን፣ አንድ መስመር። ከዚያ ክዳኑን መዝጋት ነው፣ አለቀ።»

መስመሩ የሠላሳ ዓመት ልማዱ ነው። ቺንጊያው የሚያዞረውን ጥርስ ካምሻፍቱ ላይ የሚያስረውን ብሎን እስከ ልኩ ካጠበቀ በኋላ አናቱ ላይ በነጭ ቀለም ያሰምርበታል። ያልተሰመረበት ብሎን በጣት ብቻ የተያዘ ነው ማለት ነው። ሌላኛውን እጁን አነሳና የልጁን ሞተር መቁጠር ጀመረ። ሁለት ካምሻፍት፣ ሁለት ጥርስ፣ ሁለት ብሎን። እጁ አየር ላይ ቀረ። ጠዋት ያሰመረው አንዴ ነው። አንዱን ማስመሩ፣ ክዳኑን መግጠሙ፣ ምሳ መሄዱ ትዝ ይለዋል፤ ሌላ ነገር ግን ቢያስብ ቢያስብ አልመጣለትም።

ብሎኑ ከላላ ጥርሱ ከቦታው ይንሸራተታል፤ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ሞተሩም ቀጥ ይላል። ሜዳ ላይ ቢሆን ጎትቶ ማምጣት ነው። ልጁ ፊት ያለው ግን ወደ አማቶቿ የሚያወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። እዚያ ሞተር ከጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ድንጋይ ይሆናል።

ደወለ፤ አታነሳም። እየነዳሽ ስልክ ካነሳሽ ልጄ አይደለሽም ያላት ራሱ ነው። ታዛዥነቷን እንደዚያን ቀን ጠልቶት አያውቅም።

ለጎማ ጠጋኙ ሳይነግረው አሮጌ መኪናውን አስነስቶ በረረ። ዕድሜ ልኩን ቀስ በል እያለ ሰው የሚቆጣው ሰውዬ ያገኘውን ሁሉ እየቀደመ፣ ክላክሱን እያስጮኸ ሄደ። ከፊቱ መኪኖች በቀዘቀዙ ቁጥር አደጋ ደርሶ ነው እያለ አንገቱን በመስኮት ያወጣል። የልጅ ልጁ ጠዋት ቁልፍ ሲያቀብለው እየሳቀ ያሳየው የጥርሱ ክፍተት ሳይቀር ታየው። ላቡ መሪውን አንሸራተተበት።

ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ መኪናዋ ዳር ይዛ ቆማለች። መብራቷ ብልጭ ድርግም ይላል፣ በሮቿ ተከፍተዋል፣ ውስጧ ማንም የለም። ሜትር ዘሎ ወረደ። መኪናዋን ዞሮ ሲያይ፣ ልጁ ከመኪናዋ ማዶ ልጇን ሽንት እያሸናች ነው።

«አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው?» አለችው።

ኮፈኑን ከፈተ፤ የጋለው ሞተር ጣቱን እያቃጠለው የላይኛውን ክዳን ፈታ። በሁለቱም ብሎኖች አናት ላይ ነጭ መስመር አለ። አንዱ ቀጥ ያለ የራሱ ነው። ሌላው ወደ ግራ አጋድሏል። ልጁ ግራኝ ናት።

እሱ ምሳ ሲሄድ ክዳኑን ከፍታ እንዳየችው፣ ሁለተኛውን ብሎን ላልቶ አግኝታ እንዳጠበቀችው ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረችው። ያልነገረችው ፊቱ እንዲህ ሲሆን ማየት ስላልፈለገች ነው።

«ሁለት ስለሆነ ነው» አለ ሜትር። «አንድ ቢሆን አልረሳውም ነበር።»

ልጁ ዓይኗን ከእሱ ላይ አንስታ አሮጌ መኪናው ላይ አሳረፈች። የአሮጌዋንም መኪና ቺንጊያ ባለፈው ወር የቀየረው ራሱ ነው። ሄዶ ኮፈኑን ከፈተና ክዳኑን ፈታ። አንድ ብሎን፣ አንድ መስመር። መስመሩ ወደ ግራ አጋድሏል።

አሁን የመጣው ፍርሃት ከመንገዱ ፍርሃት የባሰ ነበር፤ ይሄኛውን ነድቶ አይደርስበትም።

«ትናንት የሠራሁት የተማሪዎች አውቶቡስስ?» አላት።

«አይቼዋለሁ አባዬ። ሁሉንም አያለሁ።»

መቼ እንደምትመለስ ጠየቃት። በአሥራ አምስት ቀን አለችው። ሜትር ከደረት ኪሱ የሚያሰምርበትን የነጭ ቀለም ብዕር አወጣና እጇ ላይ አስቀመጠው።

«እስክትመጪ ጋራዡ ዝግ ነው» አላት።