ያልተቆጠረችው ባዝራ

«ዛሬ ካስማልኸው፣ ነገ ስትሞት ሬሳህን ማን ሊሸከምልህ ነው?» አለች ዋጋዬ፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ።

አየነው ጋቢውን ደርቦ፣ ከዘራውን ፍለጋ እጁን ከበሩ ጀርባ ሰደደ። ልጁ ከእንጅባራ ለመምጣት ገና ሳይነጋ እንደተነሳች ዓይኗ ይናገራል። ኔትወርክ ሳምንት ሙሉ ጠፍቶ ሰንብቶ ወሬውን የሰማችው ትናንት ነው፤ እሱንም ከአባቷ ሳይሆን ከጎረቤት። በዚህም ተቀይማለች።

«መች አስማልሁት?» አለ በመጨረሻ። «‹ልማል› ያለው ራሱ ነው።»

«አጭበርባሪ ስትለው ታዲያ ምን ይበል?»

«አጭበርባሪ አላልሁትም። ‹ቃልህን በላህ› ነው ያልሁት።»

«በስንት ሰው ፊት?»

አየነው ከዘራውን አገኘ። «በማኅበሩ ፊት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አየነውና ሽባባው በፈረሰኞች ማኅበር ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን የጋለቡ ጓደኛሞች ናቸው። ሁለቱም ከጥቁር ፈረስ በቀር አይቀመጡም። በጥር ወር በማኅበሩ በዓል ሜዳው ላይ ሁለቱ ጥቁሮች ትከሻ ለትከሻ ሲመጡ፣ ሌላውን ፈረሰኛ ሁሉ የሚያይ ሰው ይጠፋል፤ ይህንን አየነው ራሱ ነው የሚናገረው፣ ግን ውሸት አይደለም። ባለፈው ዓመት የአየነውን ጥቁር ባዝራ፣ ሌሊትን፣ ከሽባባው ጥቁር ድንጉላ፣ ከቁራ ጋር ለማዳቀል ተስማሙ። በመካከላቸው ዋጋ የሚባል ነገር ተነስቶ አያውቅም። አየነውን ያን ሰሞን ታይፎይድ ጥሎት ስለነበር ባዝራዋን ሰው ወሰዳት፤ ሽባባው ግቢ ሦስት ቀን ሰነበተችና ተመለሰች።

ከሦስት ወር በፊት ወለደች። ውርንጭላዋ ከጆሮዋ እስከ ሰኮናዋ ቀይ ቡናማ፣ ዳማ ሆና ዱብ አለች፤ አንድ ጥቁር ፀጉር እንኳ የላትም። ከሽባባው አጥር ማዶ ደግሞ አንድ ጎረቤት ቀይ ዳማ ድንጉላ አለው። አየነው ሁለቱን ነገር አገጣጠመና አበቃ። ወይ ሽባባው ባዝራዋን ልቅ ትቷት ከጎረቤት ፈረስ ጋር ተገናኝታለች፣ ወይ አውቆ ቁራን ሰስቶበታል። ሽባባው «ከቁራ በቀር ማንም አልነካትም» ብሎ ደጋግሞ ነገረው። አየነው አላመነም። ነገር በነገር ላይ ተደራርቦ፣ በማኅበሩ ድግስ ላይ አየነው ያንን ክፉ ቃል ተናገረ። ሽባባውም ከተቀመጠበት ተነስቶ «ወንጌል ይዤ ልማል» አለ።

ቀጠሮው ዛሬ ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ። በእነሱ አገር ያስማለና የማለ ከዚያ ወዲያ በአንድ ገበታ አይቀመጡም፤ አንዱ የሌላውን ለቅሶ አይደርስም። ይህንን ሁለቱም ያውቃሉ። ሽባባው ነገሩ ከተነሳ ወዲህ ከስቷል ይባላል። አየነውም ቢሆን የቀረበለትን እንጀራ ሳይጨርስ ይነሳል፤ ይህንን ግን ለማንም አልተናገረም።

ሲወጡ ዋጋዬ ከበረቱ በር ላይ ቆመች። ውርንጭላዋ ቀጫጭን እግሮቿን እያነሳች መጣችና የዋጋዬን ሹራብ እጅጌ ላሰች።

«ይቺ ናት? አንቺ የኔ ቆንጆ!» ዋጋዬ አንገቷን አቀፈቻት። «እንዴት ይቺን አይቶ ሰው ይጣላል?»

«እኔ ከሷ ጋር አልተጣላሁም» አለ አየነው። እውነቱን ነው፤ ሰው ሲያየው ፊቱን ያጠቁርባታል እንጂ፣ ብቻውን ሲሆን ከጆሮዋ ኋላ ያክላታል።

መንገድ ላይ ባጃጅ አገኙ። ባለባጃጁ የሸበተ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። በግራና በቀኝ ለከሰል የተተከለው ባሕር ዛፍ መሰል ግራር ጭጋግ ለብሶ ቆሟል። ዋጋዬ ከቦርሳዋ ቆሎ አውጥታ ለአባቷ ዘገነችለት። እሱም ቁርስ አልበላም ነበርና ተቀበላት።

«ከጥቁርና ከጥቁር ዳማ አይወለድም» አለ ሳትጠይቀው። «አባቴም አላየ፣ እኔም አላየሁ።»

«ይወለዳል። እኔ በየዓመቱ ዩኒቨርሲቲ የማስተምረው እሱን ነው።»

«ስለ ፈረስ ነው የምታስተምሪው?»

«ስለ ፈረስም፣ ስለ ገብስም፣ ስለ ሰውም። አንድ ሕግ ነው ያላቸው። እጅህን ዘርጋ እስኪ።» ከቆሎው ሁለት ፍሬ መርጣ መዳፉ ላይ አኖረች፤ አንድ ገብስና አንድ ሽምብራ። «ገብሷ ጥቁር ቀለም ናት በል፤ ሽምብራዋ ዳማ። እያንዳንዱ ፈረስ ከነዚህ ሁለት ፍሬ ይዞ ነው የሚወለደው፤ አንዱን ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ። ዘረመል የምንለው ይሄን ነው። አሁን፣ አንድ ገብስና አንድ ሽምብራ የያዘ ፈረስ ምን ይመስላል?»

«ዥንጉርጉር።»

«አይደለም፤ ጥቁር ነው። ጥቁሩ ካለ ዳማው አይናገርም። አለ፣ ግን ዝም ብሎ ይቀመጣል። ለልጅም ዝም እንዳለ ይተላለፋል፤ ለልጅ ልጅም።»

«እስከ መቼ ነው ዝም የሚለው?»

«ከሌላ ሽምብራ ጋር እስኪገጥም። ሌሊትም አንድ ሽምብራ ደብቃ ከያዘች፣ ቁራም አንድ ደብቆ ከያዘ፣ ውርንጭላዋ ሁለቱንም ሽምብራ ልትወስድ ትችላለች። ያኔ ጥቁሩ የለም፤ ዳማው ይወጣል። ከአራት አንዴ ይሆናል።»

አየነው መዳፉን እያየ አሰበ። እያሰበም ሁለቱን ፍሬ ወደ አፉ ወረወራቸው።

«ዳማዋን በላሃት እኮ!»

ሳያስበው ሳቀ። ከልጁ ጋር ከሳቀ ስንት ጊዜው ነው? እናቷ እንቁ ከሞተች አራት ዓመት ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሳቅ የለመደ ቤት አይደለም። ቶሎ ፊቱን አከበደ።

«መልካም፤ የተማርሽው ይሁን። ታዲያ ሌሊት ውስጥ ሽምብራው ከየት ገባ? ሌሊት ጥቁር፣ እናቷም ጥቁር።»

«እሱን የምታውቀው አንተ ነህ። ለጋብቻ ሰባት ቤት አትቆጥርም? እንደሱ አድርገህ ቁጠራት።»

እዚህ ላይ ትክክለኛውን ሰው ነው የጠየቀችው። በቀበሌው ልጅ የሚያጋባ ሁሉ አስቀድሞ አየነው ዘንድ ይመጣል። የወንዱንና የሴቷን ዘር በአማርኛም በአገውኛም እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጥራል፤ ሥጋ ዝምድና ካለ ያስቆማል፣ ከሌለ «ይጋቡ» ይላል። ስም ዘሎ አያውቅም የሚል ዝና አለው። እናም ደረቱን ነፍቶ ጀመረ።

«ሌሊት የዘቢብ ልጅ፤ ዘቢብ ጥቁር። ዘቢብ የ...»

ቆመ። ባጃጁ ጉድጓድ ገብቶ ወጣ።

«ዘቢብ የማን ልጅ ናት?» አለች ዋጋዬ።

አየነው ወደ ውጭ፣ ወደ ዛፎቹ ተመለከተ። ዘቢብ የማን ልጅ እንደሆነች መርሳት አይችልም። የእንቁ ባዝራ ልጅ ናት። እንቁ ሙሽራ ሆና የመጣችባት፣ አባቷ መርቆ የሰጣት ባዝራ። ዋጋዬ አሥር ዓመት ሲሞላት ቤቱን ቆርቆሮ ለማልበስ ብሎ፣ ሚስቱን ሳያማክር ዳንግላ ገበያ ነድቶ ሸጣት። እንቁ ሁለት ቀን አለቀሰች። አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም፤ «ለቤታችን ነው» ብላ ዝም አለች። ዝምታዋ ግን ከስድብ የባሰ ሆኖ እስከ ዛሬ ሆዱ ውስጥ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያች ባዝራ ስም በቤቱ አይነሳም። የፈረስ ዘር ቁጠር ሲሉት ከዘቢብ ይጀምራል፤ ከዘቢብ በላይ ያለውን ከቆጠራው ያወጣው እሱ ራሱ ነው።

«የእናትሽ ባዝራ ልጅ ናት» አለ። «ዳማ ነበረች።»

ዋጋዬ እጁን ያዘችው። ባዝራዋን ታስታውሳታለች፤ እናቷም ለምን እንዳለቀሰች ታውቃለች። ስለዚህ ስለ ሽያጩ ምንም አልጠየቀችውም።

«በሌሊት በኩል ተገኘ» አለች ቀስ ብላ። «ግን አባዬ፣ የአንድ ወገን ብቻ አይበቃም። ከጋሼ ሽባባው ድንጉላም መምጣት አለበት። የቁራ አባት ማን ነው?»

«ሰውዬ፣ አንዴ አቁምልኝ» አለ አየነው ባለባጃጁን።

ወርዶ ከመንገዱ ዳር ቆመ። ዋጋዬ ያመመው መስሏት ተከተለችው።

«አንቺ በተወለድሽበት ዓመት» አለ፣ ሳያያት። «እናትሽ ምጥ ሦስት ቀን ያዛት። እኔ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ፤ ግቢ ውስጥ ስዞር ነው የዋልሁት። ሽባባው ነው በዝናብ እስከ እንጅባራ ጋልቦ መኪና ይዞ የመጣ። ሐኪሙ ‹ትንሽ ብትቆዩ ሁለቱም አልነበሩም› አለን። በዚያው ክረምት ዳማዋ ጥቁር ወንድ ወለደች። እናትሽ ‹ይሄ የሽባባው ነው› አለች። ሰጠነው።»

«እና ቁራ...»

«ቁራ የዚያ ውርንጭላ ልጅ ነው።» ጋቢውን ሰበሰበ። «ሌሊትም ቁራም የዳማዋ ዘር ናቸው፣ ዋጋዬ። በኔም ቤት፣ በሱም ቤት የነበረችው የእንቁ ዳማ ናት። እኔ ሸጬ የተገላገልሁ መስሎኝ... ሦስት ወር ሙሉ በረቴ ውስጥ ቆማ እያየችኝ ‹ማን ናት ይቺ› እላለሁ።»

አለቀሰ። እንቁ ናፈቀችው፤ በሕይወት ኖራ ይህንን ብትሰማ እንዴት እንደምትስቅበት አሰበና ይበልጥ ናፈቀችው። ዋጋዬም አብራው አለቀሰች። ባለባጃጁ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ታገሣቸው።

አየነው ዓይኑን በጋቢው ጠረገ። «እውነቱን ስለሆነ የሚምለው፣ ቢምልም ነፃ ይወጣል» አለ፣ ራሱን እንደሚያባብል ሰው።

«እሱማ ነፃ ይወጣል። አንተስ?»

«ቆጠራ ዘለልሁ ብል በዚህ አገር ማን ያምነኛል? በኔ ቆጠራ የተጋባው ሰው ስንት ነው?»

ዋጋዬ ክንዱን ይዛ ወደ ባጃጁ መለሰችው። «ቅዳሴ ሳይወጣ አይቀርም» አለ ባለባጃጁ።

ሲደርሱ መሐላውን የሚያስፈጽሙት ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከጽድ ሥር ተቀምጠዋል። ሽባባው ጫማውን አውልቆ ለመሐላው ቆሟል። በእርግጥም ከስቷል፤ የኮቱ ትከሻ ሰፍቶታል። አየነውን ሲያይ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

ዋጋዬ ወደ ፊት ራመድ አለች። «አባቶቼ፣ ከመሐላው በፊት የማስረዳችሁ ነገር ነበር፤ ስለ ፈረስ ዘር...»

«ቆይ ልጄ» አለ አየነው። «ያንቺ ትምህርት እውነት ነው። ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ፤ እኔው ልናገር።»

ከሽማግሌዎቹ ታላቅ የሆኑት አቶ መሳፍንት ቀና አሉ። «ምንድነው፣ አየነው?»

«አይማል። ሽባባው ቃሉን አልበላም፤ ውርንጭላዋ የቁራ ልጅ ናት። ዳማ ቀለም በኔ ባዝራም በሱ ድንጉላም ውስጥ ተደብቆ ኖሯል። ሁለቱም የባለቤቴ የእንቁ ዳማ ባዝራ ዘሮች ናቸው። እኔ ደግሞ ያቺን ባዝራ ከቆጠራ ዘልያታለሁ።»

«ረስተህ ነው?»

ረስቼ ነው ቢል በቀለለው። ሽማግሌ ረሳ ቢባል ማንም አይፈርድም።

«አልረሳሁም። አውቄ ነው የዘለልኋት። ስሟን ማንሳት ስላፈርሁ።»

ሽማግሌዎቹ በአገውኛ አንሾካሾኩ። ከኋላ የቆመ አንድ ሰው፣ ባለፈው ዓመት ልጁን በአየነው ቆጠራ የዳረ፣ ጎረቤቱን በክርኑ ጎሸም አደረገ። አየነው አየው፤ ጆሮው ድረስ ጋለ። ሽባባው ግን ገና ቀና አላለም።

«መልካም» አሉ አቶ መሳፍንት። «ቃሉን በሰው ፊት መልሷል፤ መሐላው ቀርቷል። ለእርቁ ሌላ ቀን እንቅጠርና...»

«ቀጠሮ አልፈልግም፣ አባቴ» አለ አየነው። «ይቅር ይበሉኝና፣ ሌላ ቀን እስኪደርስ አልችልም።»

ወደ አጥሩ ሄደ። ከፈረሰው ካብ ሥር ድንጋዮች ተበታትነዋል። እግሩ አጠገብ ያለችውን አነስ ያለች አልፎ፣ ጎንበስ ብሎ ትልቁን አነሳ።

«አባዬ፣ ወገብህን!» አለች ዋጋዬ።

አልሰማትም። ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ ጭኖ፣ አጎንብሶ፣ እያዘገመ ሽባባው ፊት ደረሰ። ከዚያ ሆኖ የሚታየው የጓደኛው ባዶ እግር ብቻ ነበር።

«ስለ እግዚአብሔር ይቅር በለኝ» አለ።

ሽባባው ቀና አለና ድንጋዩን አየ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«የእንቁ ባዝራ» አለ ሽባባው በመጨረሻ፣ ድምፁ ሻክሮ። «ስትጠሯት አንድ ጆሮዋን ወደ ኋላ ትጥል ነበር። ይቺስ እንደዚያ ታደርጋለች?»

«እኔ እንጃ» አለ አየነው ከድንጋዩ ሥር። «መጥተህ እያት።»

ሽባባው ድንጋዩን በሁለት እጁ ከማጅራቱ ላይ አነሳለት። መሬት አስቀመጠውና ጫማውን ፍለጋ ዞር ዞር አለ።