ሦስተኛው ክፍል

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ከዋሸሁ የምጽፍበት እስክርቢቶ ኪሴ ውስጥ ይፍሰስ፤ ያውም ነጭ ሸሚዝ በለበስኩ ቀን።

ሠፈሩ «መጋረጃ» የሚለው ጡረታ የወጣ የቲያትር ሰው ነበር። ድምፁ ከመወፈሩ የተነሳ ሲያስነጥስ የጎረቤት ድመት ከጣሪያ ይወድቃል። የእህቱ ልጅ የኮምፒውተር ጌም ትሠራለችና አንድ ቀን «ጋሼ፣ ታሪክ ጻፍልኝ» አለችው። እሱም ከእህቱ ጋር ያደጉበትን፣ ለመንገድ ሲባል የፈረሰውን ቤት ጻፈላት። ቲያትር የለመደ እጅ ነውና ታሪኩን ሦስት ክፍል አደረገው። በመጀመሪያው ወንድምና እህት ከታመሙ አባታቸው ጋር ይኖራሉ። በሁለተኛው ወንድምየው ቲያትር ሊማር ሻንጣውን አንጠልጥሎ ደጅ ይቆምና እህቱን «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ይላታል። ሦስተኛው በመልሷ የሚወሰን ነው። መልሱን የሚመርጠው፣ በእህትየው ቦታ ሆኖ፣ ተጫዋቹ ነው።

እውነተኛዋ እህት ያኔ «ሂድ» ብላዋለች። ሄደ። አባታቸውን እሷ አስታማ ቀበረች። ከዚያ ወዲህ ወንድምና እህት ስንቱን አብረው አሳልፈዋል፤ ያ «ሂድ» ከልብ ይሁን ከአንገት በላይ ግን ጠይቋት አያውቅም። መድረክ ላይ ንጉሥ የሚገሥጽ አፍ እሷ ፊት ይተሳሰራል። ጌሙ ይጠይቅለት ብሎ ነው ያን ሁሉ የጻፈው።

ጌሙ ሲደርስ እህትየው ከመጋረጃ ጋር የልጇ መሥሪያ ቤት ድረስ መጣች። መነጽሯን አጥልቃ የጌሙን መንጃ፣ ጆይስቲኩን፣ እንደ ጫጩት በሁለት እጇ አቀፈችው።

«የት ነው የምሄደው?»

«ደስ ያለሽ ቦታ፣ እማ። ምርጫው ያንቺ ነው።»

«ወደ ደጁ ነው» አለ መጋረጃ።

«ጋሼ፣ አትንገራት። ቲያትር አይደለም እኮ።»

እህትየው ግን ጌሙ ውስጥ ባለው ቤት ሳሎን ቀርታለች። አንድ እግሩ በጡብ የተደገፈውን ወንበር አየች፤ አባታቸው በጥፊ እየመቱ የሚያናግሩትን ራዲዮ አየች። ከዚያ አንድ በር ጋ ደረሰች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ቤታችን ሁለት ክፍል ነበር።»

«ሦስተኛው ክፍል ነዋ። ጋሼ ‹ሦስት ክፍል አለው› ብሎ ጽፎልኛል።»

መጋረጃ ከወንበሩ ተነሣ። «ታሪኩ ነው እኮ ሦስት ክፍል ያለው፣ የኔ እመቤት። ገቢር ማለቴ ነው።»

«ገቢር አትልም ነበር ታዲያ? እኔ ክፍል ሲባል ግድግዳ ነው የማቆመው።»

«የታሪኩስ መጨረሻ?»

«የለም። ደጁ ላይ ያበቃል።»

እህትየው አልሰማቻቸውም። በሩን ከፍታ ገብታለች። ባዶ ክፍል ነው፤ አንድ መስኮት ብቻ። አባታቸው በየዓመቱ «ለከርሞ አንዲት ክፍል እጨምራለሁ» እያሉ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ይከምሩ ነበር፤ ልጆቹ ድንጋዩ ላይ እየዘለሉ አደጉ።

«ይኸው አባባ ሠራት» አለች ቀስ ብላ።

ቆየት ብላ ወደ ደጅ ወጣች። ወንድምየው ሻንጣውን ይዞ ቆሟል፤ ከሥሩ «ሂድ» እና «ቅር» የሚሉ ሁለት ቃላት ይበራሉ። አልነካቻቸውም።

«ምረጪ እንጂ፣ እትዬ።» የመጋረጃ ድምፅ እንደ ክር ቀጥኗል።

«ሻንጣውን አዘጋጅቶ ነው እንዴ ምረጪ የሚለኝ? ያኔም እንዲሁ ነበርክ። ሸሚዝህን የተኮስኩት እኔ፤ ምን እንድልህ ነበር?»

«ቅር ብትይኝ እቀር ነበር።»

«ትቀር ነበር። ከዚያ ፊትህን እንደ ኮሶ አኮምትረህ ታስረጀኝ ነበር። አላውቅህም እንዴ?»

«ታዲያ ከልብሽ አልነበረማ።»

«ሂድ ያልኩት ከልቤ ነው። ቶሎ ተመለስ የሚለውን ነው የዋጥኩት።»

መጋረጃ የጃኬቱን ቁልፍ ይፈታ፣ ይቆልፍ ጀመር።

«እማ፣ ካልመረጥሽ እኮ አይንቀሳቀስም።»

«ይቁማ። እኔ ስንት ዘመን ቆሜ የለም?»

ተመልሳ ገባች፤ በሦስቱም ክፍል ስትዘዋወር፣ መስኮት ስትከፍት ስትዘጋ ቆየች። እንደገና ደጅ ስትወጣ ወንድምየው እዚያው ነው፤ ሻንጣውን ግን መሬት አስቀምጦታል።

«ጋሼ፣ ሦስተኛውን ክፍል፣ ማለቴ ገቢሩን፣ አሁን ልሥራልህ?»

«ተይው» አለ መጋረጃ። ወንበሩን ስቦ ከእህቱ ጎን ተቀመጠና፣ «እስቲ ጓዳውን አሳዪኝ፣ እትዬ» አላት።

ሁሉም እንዳልኩት ነው። ሻንጣውን መሬት አስቀመጠው ያልኩት ብቻ የኔ ነው። ልጅቷ እንዲያ እንዲያደርግ አልሠራችውም፤ እንዳንጠለጠለ ነበር የቆመው። ክንዱ ቢያሳዝነኝ እኔ አወረድኩለት።