ጥጥ የለበሰች ቤት

የኔን ባል ሰፈሩ በሙሉ «ድንጋዩ» ነው የሚለው። ጠባዩን አይተው እንዳይመስላችሁ። ጠባዩም ቢሆን ከዚያ ብዙ አይርቅም፣ ግን ስሙ የወጣለት በፍራሹ ነው። ፍራሽ ሰሪ ነው። እሱ የሰራው ፍራሽ ዕድሜ ልክ ቢተኙበት አይሰምጥም። ጥጡን ጨርቁ ውስጥ ይከትና በዱላ ይጠቀጥቀዋል፣ ከዚያ በጉልበቱ ተንበርክኮበት ደግሞ ይጠቀጥቀዋል፣ በቃ አሁንስ ጨረሰ ስትሉ አንድ እፍኝ ይጨምርበታል። ጥጡን የምነድፈው እኔ ነኝ። ደጋኑን ይዤ ድም ድም እያደረግኩ፣ ጉም እስኪመስል አፍታትቼ አቀብለዋለሁ፤ እሱ መልሶ ድንጋይ ያደርገዋል። ትዳራችን ይኸው ነው።

ደጋን የሚመታ ሰው ግማሹ ሁልጊዜ እንቅልፍ ላይ ነው። ድምፁ ያደነዝዛል፣ ብናኙ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ይንሳፈፋል፣ ነቅቼ ይሁን ተኝቼ የማልለይበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የምነግራችሁ ነገር አንዳንድ ቦታ ላይ ህልም ህልም ቢላችሁ አትፍረዱብኝ። እውነት ነው፣ እውነቱ ግን እንዲህ ሆኖ ነው የታየኝ።

ልጃችን የወለደችው ቀኗ ሳይደርስ ነበር። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፣ ያኔ ጭነት ይዞ ሩቅ አገር ድንበር ላይ ቆሟል። ህፃኗ፣ የኔ እናት፣ ከእርግብ አትበልጥም። ሆስፒታል ማሞቂያ ክፍል አስገቧት፤ ልጄም አጠገቧ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ በቃ ተቀመጠች። ቀኑም ሌሊቱም አንድ ዓይነት ነጭ መብራት ነው። ልጠይቃት ስሄድ ዐይኗ ክፍት ሆኖ እንኳ የምታየኝ አይመስለኝም ነበር። ስጠራት ዘግይታ ነው የምትዞረው።

አንድ ቀን ኮሪደር ላይ እጄን ያዘችና «እማዬ፣ ከዚህ ክፍል ካላወጣችሁኝ አእምሮዬን እስታለሁ» አለችኝ። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ጮክ ብላ ብትለው ይሻለኝ ነበር።

ነርሷ ጋ ሄድኩ። ኮስታራ ናት፣ ግን ልቧ ደግ ነው። «እናቴ፣ ህፃኗ እየበረታች ነው፣ ቤት ብትገባም አልጠላም» አለችኝ። «ግን ክፍሉ መሞቅ አለበት። እየበራ የሚጠፋ ሙቀት አይደለም፣ ቀንም ሌሊትም አንድ ዓይነት።» ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቴርሞሜትር ሰጠችኝና በእስክሪብቶ ጫረችበት። «ቀዩ ከዚህች ጭረት በታች እንዳይወርድ። ዓርብ ከሰዓት ልጅዎንም ህፃኗንም ይዤ እመጣለሁ። ከሞቀ እዚያው ይቀራሉ፣ ከቀዘቀዘ ይዣቸው እመለሳለሁ።»

«እሺ፣ ሲስተር» አልኩ። አፌ እሺ አለ እንጂ ልቤስ አላመነም። ቤታችንን የማውቀው እኔ ነኛ! ሁለት ክፍል ናት፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው ሥር ስስ ኮርኒስ። ቀን የሞቀችው ሁሉ ፀሐይ ስትጠልቅ በጣሪያው ሽው ብሎ ይሄዳል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለን፣ ግን ጎረቤት ምድጃውን በለኮሰ ቁጥር ብሬከሩ ጠቅ ይልና ጨለማ ውስጥ ይከተናል። ሲሠራም ቆጣሪውን እንደ እብድ ያሯሩጠዋል እንጂ ሙቀቱ ከራሱ አልፎ እግራችን ጋ አይደርስም።

ለባሌ ነገርኩት። ወሬ አያበዛም፣ ጣሪያውን አየው። «አለብሳታለሁ» አለ።

«ማንን? ህፃኗን?»

«ቤቷን፣ አንቺ ሴትዮ! ቤቷን ነው የማለብሳት።»

በዚያኑ ቀን ለፍራሽ የተቀመጠውን ጥጥ ሁሉ አወጣ። ኮርኒሱን የሚያክል ጨርቅ ቆርጦ፣ ከፋፍሎ እንደ ትንንሽ ፍራሾች ሰፋው። እኔ ነደፍኩ። እጄ እስኪዝል ነደፍኩ። ክፍሉ በብናኝ ተሞልቶ በረዶ የሚጥል ይመስላል፣ የባሌ ቅንድብ ነጭ ሆኗል፣ ፀጉሬ ነጭ ሆኗል፣ ፀጉሬ እንኳ ድሮም ነጭ ነበር። እኔ ጉሙን አቀብላለሁ፣ እሱ ይጠቀጥቃል። መሰላል ላይ ወጥቶ አንድ በአንድ ኮርኒሱ ላይ ሲቸነክራቸው ቤቱ ጓ ጓ ይላል። በር ሥር ያለችውን ክፍተት የምትዘጋ ረጅም ትራስ ሠራ፤ እሷንም ጠቅጥቆ እንጨት አደረጋት። ማታ ማሞቂያውን ጥቂት አበራነው፣ አጠፋነው፣ ተኛን።

ጠዋት ቀዩ ከጭረቷ በታች ወርዷል።

«ጥጡ አንሶ ነው» አለ፣ ደሙ ፈላ። አወረዳቸው፣ ሌላ ጥጥ ጨመረባቸው፣ ይበልጥ ጠቀጠቃቸው። ጣሪያው በክብደቱ ሲጢጥ ይል ጀመር። በማግስቱም ቀዩ ያው ነው። እንዲያውም ያሾፈብን መሰለኝ።

«ምን አባቱ ሆኖ ነው?» ብሎ ቴርሞሜትሩ ላይ ጮኸ።

«እሱ ምን አደረገህ? ያየውን ነው የተናገረው» አልኩት።

ረቡዕ ልጄ ልትታጠብ ቤት መጣች። ህፃኗን ነርሷ ይዛላታለች። ታጥባ ወጣች፣ ፀጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ መሀል ክፍሉ ላይ ቆማ ቀና አለች። ከዚያ ወንበር ላይ ወጣችና የኮርኒሱን ጨርቅ በጣቷ ጫን አደረገችው። ጣቷ አልገባም።

«አባዬ፣ ለምን ጠቀጠቅከው?»

«ታዲያ ምን ላድርገው? ክፍተት ልተውለት?»

«አዎ።» ድምፅዋ ከሩቅ ነው የሚመጣው። «እኔም መጀመሪያ ቀን ህፃኗን በብርድ ልብስ ጥብቅ አድርጌ ጠቀለልኳት። እግሯ በረዶ ሆነ። ሲስተሯ ተቆጣችኝ። ፈታ አድርጋ፣ ደራርባ ለሁለተኛ ጊዜ ጠቀለለቻት፤ ሞቀች። የሚያሞቃት ጨርቁ አይደለም አለችኝ፣ በመሀል ያለው አየር ነው። አየሩን ጨፍልቀህ አስወጥተኸዋል፣ አባዬ።»

ባሌ ጣሪያውን አየ። ዱላውን አስቀመጠ፣ በሩን ከፍቶ ወጣና ግቢው ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ። ልጄ ወደ ሆስፒታል ተመለሰች፤ እሱ አሁንም እዚያው ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሳዘነኝ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ የተመሰገነበትን ነገር በአንድ ከሰዓት ተው ሲሉት ቀላል ነው እንዴ? ሻይ ወሰድኩለት። ሻዩ ቀዘቀዘ። እኔም ደክሞኝ ስለነበር የተረፈው ጥጥ ክምር ላይ ጋደም አልኩ።

ስነቃ፣ ወይም የነቃሁ ሲመስለኝ፣ ጥጥ ከላይ ይወርዳል። ቀስ እያለ፣ እየተንሳፈፈ፣ በመስኮቱ በሚገባው የማታ ፀሐይ ወርቅ እየመሰለ ይወርዳል። ቤቱ ጣሪያ የለውም ብዬ አሰብኩ። ሰማዩ ተከፍቶ ደመናው እየገባ ነው፣ ልጄም ደመናው ላይ ተኝታለች፣ ህፃኗም፣ እኔም፤ ማንም አይበርደውም። ደስ አለኝ። እንዲህ ከሆነስ ሞትም አይከፋም አልኩ። ከዚያ አንድ ድምፅ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ሞትሽ እንዴ? ተነሽ ንደፊ!»

መሰላሉ ላይ ቆሟል። በምላጭ ስፌቱን እየተረተረ ነው። ጠቅጥቆ ጠቅጥቆ ያስገባውን በጣቱ እየፈለቀቀ ያወርደዋል።

«ምን ልታደርግ ነው?» አልኩ፣ የገባኝ እያለ።

«እንዳንቺ ላደርገው ነው» አለ። ዐይኔን አላየም።

እኔን ጉድ! ስንት ዘመን አብረን ስንሠራ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ተነስቼ ደጋኑን አነሳሁ፣ ድም፣ ድም፣ ድም። የነደፍኩትን በእቅፉ ተቀብሎ እንዳለ ያስገባዋል። እጁ ልማዱ ነውና አንዳንዴ ሊጫነው ይሄዳል፣ ከዚያ ያስታውሳል፣ መዳፉን ያነሳል። «ተወው!» ይላል ለራሱ እጅ። «ተወው አልኩ!» እኔ ሳቄን በጨርቅ አፍኜ ነደፍኩ። ግማሹ ጥጥ በቃን፤ በተረፈው መጋረጃዎቹን አለበስን፣ የበሯን ትራስም ፈታ አደረግናት፣ ክፍተቷ ላይ ተኝታ ሞላቻት። ኮርኒሱ ቁልቁል ተነፋፍቶ፣ አንድ ክፍል ሙሉ ነፍሰ ጡር መሰለ።

ጠዋት ሁለታችንም ቴርሞሜትሩ ጋ ለመሄድ ፈራን። እሱ «አንቺ እዪ» ይላል፣ እኔ «አንተ እይ» እላለሁ። በመጨረሻ አብረን ሄድን። ቀዩ ከጭረቷ በላይ ነው። ማሞቂያው ከምሽት ጀምሮ ጠፍቷል። ቆጣሪውን ብታዩት ደግሞ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል።

ብናኙን ጠርገን፣ በእርጥብ ጨርቅ ወለውለን፣ ቤቱን አናፍሰን መልሰን አሞቅነው። ዓርብ ከሰዓት መኪና ቆመ። ልጄ ህፃኗን ደረቷ ላይ አድርጋ ገባች፣ ነርሷ ከኋላዋ። ነርሷ ቀና ብላ ኮርኒሱን ስታይ አፏን ያዘች።

«አባቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ልብስ ነው» አለ ባሌ፣ ፊቱን አጨፍግጎ።

ቴርሞሜትሩን አየች። ማሞቂያውን በእጇ ነካችው፤ ቀዝቃዛ ነው። «ትንሽ ልጠብቅ» አለችና ወንበር ላይ ተቀመጠች። ልጄ ቆማ ቀረች፣ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም፤ ወዲያው ውጡ እንደምትባል ሰው ነው የቆመችው። ጥጡ የመንገዱን ጫጫታ ውጦታል። የህፃኗ ትንፋሽ ይሰማል። ከዚያ ሲስተር፣ ያቺ ኮስታራ፣ አንገቷ ዘንበል፣ ዘንበል ብሎ በተቀመጠችበት እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ጉድ በሉ! ባሌ በዐይኑ «ልቀስቅሳት?» አለኝ፣ በዐይኔ «ምን ቆርጦህ!» አልኩት።

ራሷ ነቃች። አፍራ ሳቀች። ቀዩን አየች፣ ካለበት ንቅንቅ አላለም።

«ይቅሩ» አለች።

ልጄ እንደቆመች አለቀሰች፣ ድምፅ የሌለው ልቅሶ። ነርሷ ግን አልጨረሰችም። «ክፍሉ ጥሩ ነው፤ ህፃኗ ግን ገና ነች፣ የሰው ገላ ትፈልጋለች። ደረት ለደረት፣ በየተራ። እናትየዋ ብቻዋን አትችልም፣ እዩዋት፣ ልትወድቅ ነው። አሁን ማን ይረከባታል?»

እኔ እጄን ልዘረጋ ስል እሷ የምታየው ባሌን ነው። ፊቱ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«እኔ? ኧረ በፈጣሪ! እኔ እኮ እጨፈልቃታለሁ!»

«ሸሚዝዎን ይክፈቱ» አለች።

አልጋው ላይ አስደግፋ አስቀመጠችው፣ ህፃኗን ደረቱ ላይ አስተኛችለት፣ ከላይ ፈታ አድርጋ አለበሰቻቸው። ባሌ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። አየር ላይ ይዞት ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጀርባዋ ላይ አሳረፈው፤ ማሳረፍ እንኳ አይባልም፣ ሊነካት ምንም አልቀረውም። ህፃኗ አንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰችና ጉንጯን ደረቱ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ዐይኑ እንባ ሞላ፣ ሊጠርገው እጁን አላነሳም።

ነርሷ ሄደች። ልጄ በመጨረሻ ጫማዋን አወለቀች። ትተኛለች ስል አልተኛችም፤ አልጋው ጫፍ ላይ ቆማ አባቷን ታየዋለች። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ እሱ የማይሰማ መስሏት፣ «እማዬ፣ እኔንም እንዲህ ይዞኝ ያውቃል?» አለች።

ምን ልበላት? ልዋሽ አፌን ከፈትኩ፤ ውሸቱ አልመጣልኝም።

ባሌ ሰምቷታል። ህፃኗ እንዳትነቃ ብሎ አንገቱን እንኳ አላዞረም። አንዱን እጁን ግን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥቶ ወደ ጎን ዘረጋው።

«ይሄኛው ክንዴ ባዶ ነው» አለ። «ነይ።»

ሄደች።