የዶን ኤውሴቢዮ ጀልባ

ሬዲዮው ከጠዋት ጀምሮ «አውሎ ነፋሱ ማታ ይደርሳል፤ ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን ሳይዘጋ ውጡ» ይላል። መንደራችን ግን ሬዲዮ ሰምቶ ወጥቶ አያውቅም። የሚያየው የዶን ኤውሴቢዮን ጀልባ ነው። ሽማግሌው ስልሳ ዓመት ዓሣ ሲያጠምዱ ነፋስ አታሏቸው አያውቅም። የምር ሲመጣ ጀልባቸውን ጎትተው የወንዙ ዳር ጥሻ ውስጥ ያስሯታል፤ ያን ጊዜ ሁላችንም እንወጣለን።

ዛሬ ቀትር ላይ ጀልባዋ አሁንም አሸዋው ላይ ነበረች።

«ይኸው፣ አልነኳትም» አለኝ ባሌ ኦቪዲዮ፣ ዶሚኖውን እያቀላቀለ።

«ባሕሩ አጥራችን ሥር ደርሷል እኮ!»

«ከሳቸው ልትበልጪ ነው?»

የስምንት ወር ልጄን ታቅፌ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። አብጦ ፓፓያ ያከለ ጉልበታቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል።

«ጀልባዋን የተዉአት ነፋሱ ስለማይመጣ ነው?»

«ማን አለሽ? እንዲህ ያለ ሰማይ አይቼ አላውቅም።»

«ታዲያ?»

«በየትኛው ጉልበቴ ልጎትታት? ወንዶቹ መጥተው ያግዙኛል ብዬ ጠበቅኩ። ዝር የሚል ሰው ባጣ፣ ሰዉ ካልሰጋ የጃጀሁት እኔ ነኝ አልኩ።»

«አይጠሩንም ነበር?»

«ማንንም ጠርቼ አላውቅማ!»

ተመልሼ ለኦቪዲዮ ስነግረው ዶሚኖው ከእጁ ወደቀ። ሄዶ ሽማግሌውን አዘላቸውና ወጣን።

«ቀስ በል፤ ጀልባ አይደለሁም» ይሉታል ከጀርባው።

ጥቂት ሰዎች ተከተሉን። የቀሩት ግን በራቸው ላይ ቆመው ወደ አሸዋው እየጠቆሙ ይስቁብን ነበር።

«ጀልባዋ እንዳለች ናት! የት ትሮጣላችሁ?»